ድንጋይ ሳንጭን የገዛናት መኪና

ልጄ ብርሃኑ ቤቴን እያደሰልኝ ነው። እግዚአብሔር ይስጠው። የጓሮው ግድግዳ ፈርሶ እንደ ገና ይሠራል፤ ጣሪያውም ይነሣል። ድንጋዩንና እንጨቱን በኪራይ መኪና ማመላለስ ስለ ሰለቸው አንድ ያገለገለች መኪና ልግዛ ብሎ ተነሣ። ይኸውና ሦስት ሳምንት ሙሉ ከዚህ ሌላ ወሬ የለንም። ምሳ ገና ሳይነሣ ስልኩን ያወጣል። "እማዬ፣ ይቺን እያት እስቲ" ይለኛል። አያታለሁ። ታጥባ፣ ተወልውላ፣ ፀሐይ ላይ ቆማ ፎቶ የተነሣች መኪና ናት።

"ከሥሯስ?" እለዋለሁ።

"ከሥሯን ማን ፎቶ ያነሣል፣ እማዬ?"

"እንግዲያው አላየኋትም።"

እሱ ይናደዳል፤ እኔም እናደዳለሁ። ዕድሜዬን የመንግሥት ዕቃ ስጠብቅ ኖሬ፣ በጡረታዬ የመኪና ቀለም ምረጪ መባሌ ያበሳጨኛል። ስለ መኪና የማውቀው ጥቂት ነው። ያንኑ ጥቂት ያወቅሁት ደግሞ በራሴ ጥፋት ነው። ብርሃኑ ነገሩን በቁርጥራጭ ሰምቶታል እንጂ ሙሉውን ነግሬው አላውቅም። ልጻፈውና ያንብበው ብዬ ጀመርሁ።

ሥራ የጀመርሁት ኮን በምትባል ደገኛ ከተማ ነው፤ ደርግ ሥልጣን በያዘ ማግሥት። በአንድ ጽሕፈት ቤት የዕቃ ግምጃ ቤት ረዳት ሆንሁ። የኮን ብርድ ብዕር ያስጥላል። አለቃዬ አቶ መንገሻ የሚባሉ፣ ባርኔጣቸውን ቤት ውስጥም የማያወልቁ ሰው ነበሩ። ያስተማሩኝ አንድ ነገር ነው፤ "ያልነካሽውን ዕቃ አትፈርሚለት።" ማዳበሪያ ሲመጣ ጆንያውን ሁሉ በእጃችን እየዳበስን እንቀበላለን። ማረሻ ሲመጣ ስለቱን በአውራ ጣታቸው ይሞክሩታል። ሰው ይስቅባቸው ነበር። እኔም በሆዴ ስቄ ነበር፤ ይቅር ይበለኝ።

ባለቤቴ መምህር ነበር። እሱ ወደ ላሊበላ ሲዛወር እኔንም በስንት ደብዳቤ አዛወሩኝ። ላሊበላ ሌሎች ሁለት መሥሪያ ቤቶች ውስጥ ሠርቻለሁ፤ የሚጻፍ ነገር የለኝም። ሞዴል አሥራ ዘጠኝ ቆርጦ ማስገባት፣ ሞዴል ሃያ ሁለት ቆርጦ ማስወጣት ነው። ከትልቁ ድርቅ በኋላ ግን ወላጅ ያጡ ልጆች ማሳደጊያ ተከፈተና ንብረት ክፍሉን ያዢልን ብለው ወሰዱኝ። የሥራ ዘመኔ ብዬ የማስበው ያንን ነው።

ቤቱ በአዋጅ የተወረሰ የአንድ ባላባት ቤት ነበር። ግድግዳው ድንጋይና ጭቃ ነው። የምዕራቡ ግድግዳ ሆዱን ነፍቶ ወደ ውጭ ተገፍቷል። ጣሪያው ከመጠጋገኑ ብዛት የቱ ቆርቆሮ የቱ መጣፊያ እንደ ሆነ አይለይም። ክረምት ሲገባ ልጆቹ ፍራሻቸውን እየጎተቱ ከማዕዘን ማዕዘን ይሰደዳሉ። የሚያናድደው፣ አዲሱ ቆርቆሮ እኔ ግምጃ ቤት ውስጥ ዘጠኝ ወር ተቀምጧል። ቆርቆሮው በደረቅ ያድራል፣ ልጆቹ በእርጥብ። ግድግዳው ሳይታነጽ ጣሪያ አይመታም፤ ግድግዳው እንዳይታነጽ ድንጋይ የሚያመጣ የለም። በሸክም እንዳይባል ብዙ ነው።

ሹፌር ግን ነበረን። የሚገርመውም ይኸ ነው። መሥሪያ ቤቱ ከመኪናው በፊት ሹፌሩን መደበልን። ጋሽ ሰይድ ይባላሉ፣ የወልድያ ሰው ናቸው። በሹፌርነትና በመካኒክነት ያረጁ፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ እስላም ናቸው። አንድ ዓመት ሙሉ መኪና የሌለው ሹፌር ሆነው ኖሩ። የልጆቹን አልጋ ይጠግናሉ፤ የበር ማጠፊያ ዘይት ያጠጣሉ። ሰው "ጋሽ ሰይድ፣ ዛሬ ምን ነዱ?" ብሎ ሲያሾፍባቸው፣ "በሩን ነዳሁት፤ ደህና ይሄዳል" ይላሉ።

ያችን ዓመት ለእኔ ትምህርት ቤት አደረጓት። ከተማው አደባባይ መኪና ሲቆም "የሺ፣ ነይ እስቲ" ብለው ይጠሩኛል። ሁለት አጎዛ ነበራቸው። አንዱ ነጭ ነው፣ የሚሰግዱበት። ሌላው ጥቁር ነው፣ ከመኪና ሥር የሚነጥፉት። አንድ ቀን እንኳ ሲያቀያይሯቸው አላየሁም። ጥቁሩን አንጥፈው ከሥር ይገቡና በትንሽ ጠጠር ሻንሲውን እያንኳኩ ያዳምጣሉ። የተበየደ ብረት ድምፁ ደንቆሮ ነው፤ ደህናው ይጮኻል ይሉኛል። ጭነቱን የሚሸከመውን ባሌስትራ ቅጠል በቅጠል ይቆጥራሉ። የዘይት መለኪያዋን መዘው ዘይቱን በሁለት ጣታቸው መሐል አሽተው ያሸቱታል። ኮፈን የሚከፍቱት ከሁሉ በኋላ ነው። "ሞተር ንግግር የሚችል ሰው ነው" ይሉ ነበር። "መጀመሪያ ዝም የሚሉትን ጠይቂ።"

ደግሞ ሁልጊዜ የሚሉት ነበር። መኪና በጠዋት፣ ሳትሞቅ ትነሣ። ባለቤቱን ስንት ዓመት ነዳሃት ብለሽ አትጠይቂ፤ ምን ጭና ኖረች በይ። ለጭነት የምትገዛ መኪና ደግሞ ጭና ካልታየች አልታየችም።

የማሳደጊያው ኃላፊ ጓድ ጌታቸው ነበር። ወጣት ነው፣ ክፉ ሰው አልነበረም። ስብሰባ ግን ይወዳል። እኔን "ጓድ የሺ" ሲለኝ ሌላ ሰው የጠራ እየመሰለኝ ሁለት ጊዜ ሳይለኝ አልዞርም። እሱም ስለ መኪና ስንት ደብዳቤ ጻፈ። በመጨረሻ ሚያዝያ ላይ ሁለት ደብዳቤ ባንድ ቀን መጣ። አንደኛው፣ ወልድያ ከሚወገዱ መኪኖች ለጭነት የምትሆን አንዲት መርጣችሁ ግዙ ይላል። ሁለተኛው፣ ቤቱ እስከ ሰኔ መጨረሻ ካልታደሰ ለልጆች ማደሪያ ስለማይሆን ልጆቹ ወደ ሌሎች ማሳደጊያዎች ይከፋፈላሉ፣ ትልልቆቹ ለብቻ ትንንሾቹ ለብቻ ይላል።

ታንጉት አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። እኅቷ ደብሪቱ ስድስት። ከቤተ ሰብ የተረፉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ደብሪቱ የእኅቷን ቀሚስ ጫፍ ሳትጨብጥ አትተኛም። ደብዳቤውን ሳነብ የታየኝ ያ የቀሚስ ጫፍ ነው።

ኮሚቴ ተባልን፤ ጓድ ጌታቸው፣ ጋሽ ሰይድና እኔ። በእህል መኪና ላይ ተጭነን ወልድያ ገባን። በማግሥቱ ግንቦት ሃያ አንድ ነበር፣ ማርያም። እኔ በሌሊት ተነሥቼ አስቀደስሁ። ጋሽ ሰይድ ግን በጠዋት መኪኖቹ ያሉበት ግቢ ገብተው ቆመው ደረስሁ። ዘበኛውን እየተቆጡት ነው። ከሦስቱ መኪኖች የአንደኛዋን ኮፈን በመዳፋቸው ነክተው ትኩስ ሆኖ አግኝተውታል።

"ማን ቀሰቀሳት?" ይሉታል። "እንግዳ ሳይመጣ ለምን ተነሣች?"

ዘበኛው ባትሪዋ እንዳይወድቅ ነው አለ።

ሦስቱን ልንገራችሁ። አንደኛዋ ትልቅ የጭነት መኪና ናት። ጋሽ ሰይድ ዞረው እንኳ አላዩዋትም፤ የነዳጅ ኮታችንን በሁለት ቀን ትጠጣዋለች፣ የእኛንም መታጠፊያ አትዞርም አሉ። ሁለተኛዋ ግራጫ ፒክአፕ ናት። በሯ በሽቦ ታስሯል፤ ወንበሯ ተቀዶ ሣሩ ወጥቷል። ሦስተኛዋ አረንጓዴ ፒክአፕ ናት። አዲስ ተቀብታ እንደ ጨርቅ መደብር ታበራለች። ትኩስ የነበረው ኮፈን የእሷ ነው።

ጓድ ጌታቸው አረንጓዴዋ ጋ ሄዶ ቆመ፤ ከዚያ አልተንቀሳቀሰም። ጋሽ ሰይድ ጥቁሩን አጎዛ አነጠፉ። ግራጫዋ ሥር ብዙ ቆዩ። በሁለተኛው ሙከራ ከነብርዷ ተነሣች፤ ትንሽ አሳላት። አረንጓዴዋ ሥር ሲገቡ ጓድ ጌታቸው ሰዓቱን አየ።

"ጋሽ ሰይድ፣ መኪና እኮ በቅሎ አይደለችም፣ ጥርሷ የሚታይ" አለ።

"በቅሎስ አፏን ከፍታ ታሳያለች" አሉ ከሥር ሆነው። "ይቺ ከንፈሯን ተቀብታለች።"

ወጥተው ወደ ሹፌሩ ቦታ ጠሩኝ። ሁለቱን ፔዳል አሳዩኝ። የፍሬኑ ፔዳል ጎማ ተበልቶ ለስልሷል። ማርሽ ሲቀየር የሚረገጠው፣ የፍሪሲዮኑ፣ አዲስ ነው።

"ሰው የሚቀይረው ያለቀውን ነው" አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ይህኛውን ፔዳል ምን አድክሞት ቀድሞ አለቀ? ግራጫዋ ታስቃለች እንጂ አትዋሽም። ይቺን ግን እዚያ ካለው ድንጋይ እንጫንባትና ያንን ዳገት እናውጣት። ከዚያ ወዲያ እፈርማለሁ።"

ከአጥሩ ጥግ የድንጋይ ክምር ነበር። ዳገቱም ከግቢው ጀርባ ነው። ተሸካሚ ወጣቶችም በሩ ላይ ተቀምጠዋል። ሁሉ ነገር ነበረ።

"ዛሬ ማርያም ናት፣ ጋሽ ሰይድ" አልኋቸው። "በስሟ ቀን ድንጋይ አላስጭንም።"

አጎዛቸውን ማራገፍ ጀመሩ። ቀጥለውም፣ "የቀኑ ባለቤቶች እናንተ ናችሁ" ብለው ተዉት።

ነገ እንምጣ ማለት ይቻል ነበር። ያን አላልሁም። ጓድ ጌታቸው በየስብሰባው በዓል ልማትን አደናቀፈ እያለ የሚጮኸው ሰው፣ የዚያን ቀን ምሳ ሰዓት ደርሶበት ነበርና "የሰፊውን ሕዝብ ባህል ማክበር ይገባል" አለ። አረንጓዴዋን ባዶዋን ነዷት። ዳገቱን እንደ ፍየል ወጣችው። ልጆቹም ሲያዩዋት ደስ ይላቸዋል ተባለ። ወረቀቱ ቀረበልኝ፤ ከሁለቱ ቀጥዬ ፈረምሁ። አቶ መንገሻ ያልነካሽውን አትፈርሚ ብለውኝ ነበር። እኔ የነካሁት ቀለሟን ብቻ ነው።

ስንመለስ የወልድያን አቀበት ባዶዋን ስለሆነች ችላ ወጣች። አንድ ሁለት ጊዜ አንዳች ነገር ሸተተኝ። ጋሽ ሰይድ መስኮቱን ከፍተው ነዱ። ማሳደጊያው ስንደርስ ልጆቹ እየጮሁ ወጡ። ደብሪቱ ቀለሟን በጣቷ ዳስሳ ጣቷን አየችው።

የቀጠርነው ግንበኛ የሚፈልገው ድንጋይ ከታች ከወንዙ ዳር የሚወጣውን ነው፤ ለጥርብ ይመቻል። የመጀመሪያውን ጭነት ለማየት እኔም አብሬ ወረድሁ። ጫኑባት። መንገዱ ከወንዙ እስከ ከተማው ሽቅብ ነው። ከመጀመሪያው መታጠፊያ አላለፈችም። ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ አትሄድም። ጋሽ ሰይድ ማርሽ ቀነሱ። ባሰባት። የተቃጠለ ቀንድ የመሰለ ሽታ መጣ፤ ጭስ ተከተለ። ከዚያ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ከኋላ ሰዎች ነበሩ። ጋሽ ሰይድ መሪውን ጠምዝዘው ቂጧን ከመንገዱ ዳር ካለው የገደል ግድግዳ ጋር አላተሙትና ቆመች። ማንም አልተጎዳም፤ ተመስገን። ድንጋዩን አንድ በአንድ እዚያው አወረድነው። ግንበኛው ራሱን ይዞ ተቀመጠና፣ "አህያ ብትገዙ እኮ ትወልድላችሁ ነበር" አለን።

የፍሪሲዮኑ ሸራ አልቋል። ባዶ ስትሆን ይይዛል፤ ሲጫንባት ያንሸራትታል። ሜዳ ላይ የማይታይ፣ ጭነትና ዳገት ብቻ የሚያወጣው በሽታ ነው። አንድ ጭነት፣ ከወልድያው ግቢ ጀርባ አንድ ዳገት ይበቃን ነበር።

በዚያው ቀን ስብሰባ ተጠራ። ጓድ ጌታቸው ቆሞ "ይህ አሻጥር ነው" አለ። ማን መረመረ፣ ማን አጸደቀ፣ ማን ፈረመ ብሎ ጠየቀ። እሱም ከሦስቱ ፊርማ አንዱ የሱ መሆኑን የረሳ ይመስላል። እኔ ተነሣሁና እንዳትጫን የከለከልሁት እኔ ነኝ አልሁ። ጋሽ ሰይድ ከኋላ ተነሡ። እኔም እያወቅሁ ዝም ብያለሁ፣ ከተጻፈ ሁለታችንም እንጻፍ አሉ። ጌታቸው ብዕሩን ከደነና ሦስታችንንም ሳይጽፍ መለዋወጫ ይጠየቅ ብሎ ዘጋው። ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። ያን ጊዜ ባንድ ቃል ሰው የሚጠፋበት ዘመን ነበር። የመለዋወጫው መልስ የመጣው ጥቅምት ላይ ነው። መለዋወጫው አልመጣም።

ከስብሰባው ስንወጣ ጋሽ ሰይድን ደርሼባቸው፣ "ለምን አልተቆጡኝም?" አልኋቸው። "ያውቁ ነበር እኮ።"

"በበዓልሽ ቀን?" አሉኝ። "ዕድሜዬን ከክርስቲያን ጋር ኖሬ በበዓሉ ሥራ ያልሁት ሰው የለም። አንቺስ በጁምዓ ሰዓት ጠርተሽኝ ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም።"

"እንግዲህ ተከባብረን መኪናዋን ገደልናት።"

አልሳቁም። እኔም አልሳቅሁም። ደብሪቱ በረንዳው ላይ ከእኅቷ ጋር ተቀምጣ ትታየኝ ነበር።

በማግሥቱ ጋሽ ሰይድ ቤቱን ዞረው ወደ ላይ ወደ ተራራው ሲያዩ አገኘኋቸው። ቁርሳቸውን ሳይበሉ ወጥተው ሲወርዱ እጃቸው ላይ አንድ ድንጋይ ይዘዋል። ግንበኛው ፊት አኖሩት።

"ይህ ጥርብ አይገባውም" አለ ግንበኛው። "ጠንካራ ነው፤ መዶሻዬን ይጨርሰዋል።"

"መዶሻህን እኔ እስልልሃለሁ" አሉት። "መኪናዋ ሽቅብ አትጭንም። ቁልቁል ግን ትጭናለች። ባዶዋን ትወጣለች፣ ጭና ትወርዳለች። ድንጋዩ ከላይ ይምጣ።"

እንዲህ ያለውን ነገር ስብሰባ አያወጣውም። ጋሽ ሰይድ ፍሬኗን ሁለት ቀን ፈትተው ገጠሙት። ከግማሽ ጭነት በላይ እንዳይጫን ከለከሉ። ሁለት ሰው በግራና በቀኝ የጎማ ማገጃ ታኮ ይዞ አብሯት ይሄዳል። እሳቸው በሩን ከፍተው፣ አንድ እግራቸውን ደፍ ላይ አድርገው፣ እንደ ታማሚ እያባበሉ ያወርዷታል። አንዳንዴ ሲያናግሯት እሰማ ነበር። የምን ቃል እንደ ሆነ አልጠየቅሁም።

ሥራው ተጀመረ፤ ግን አልፈጠነም። ሰኔ የእኛ አገር ስንት የሥራ ቀን አላት? እሑድ አለ፤ አቦ አለ፤ ሥላሴ አለ። አሥራ ሁለት ሚካኤልም ነው፣ የንጉሡ የቅዱስ ላሊበላ በዓልም ነው፤ የዚያን ቀን ከተማው ውስጥ እንኳን ድንጋይ ጠጠር የሚያነሣ የለም። አሥራ ስድስት ኪዳነ ምሕረት፤ አሥራ ዘጠኝ ገብርኤል። በመካከሉ ዝናቡ ጀመረ። ጭቃው ይታጠባል፣ ግንበኛው ይቀመጣል። ጓድ ጌታቸው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ቀን መቁጠሪያ እያየ "እናንተ ሰዎች" ብሎ ይጀምርና ይተወዋል። እኔም ልቤ ውስጥ እንደ እሱ ማጉረምረም ጀምሬ ነበር። በዓሉን ከነበረበት ቦታ አንሥቼ ጠላት አደረግሁት። ለኔ ይህ ከመኪናዋ የከፋ ነበር።

ሰኔ አሥራ ዘጠኝ ከሰዓት በኋላ ግድግዳው ገና ደረት ላይ ነበር። የነፍስ አባቴን መምሬ ካሳን ፈልጌ ሄድሁ። ሽማግሌ ናቸው፤ ብዙ አይናገሩም፤ እኔም አልናገር፤ ስለዚህ እንግባባለን። ንስሐ ልገባ ነው ብዬ ነገርኋቸው። በማርያም ቀን ድንጋይ አላስጭንም ማለቴን፣ ልጆቹ ሊበተኑ መሆኑን፣ በበዓሏ መማረሬን።

"መኪናዋን ስትገዙ ድንጋይ ልጫን ወይ ብለሽ ጠየቅሽኝ?" አሉኝ።

"አልጠየቅሁም፣ አባቴ። ወልድያ ነበርሁ።"

"ወልድያ ቄስ የለም?"

"አለ፣ አባቴ።"

"ድንጋዩ ለማን ነበር?"

"ለልጆቹ ቤት።"

"በሬሽ ጉድጓድ ቢገባ በሰንበት ታወጪዋለሽ። ለሙት ልጅ ቤት የምትሠራ መኪና በድንጋይ መፈተንን ማን ከለከለሽ? ወለተ ማርያም" አሉኝ በክርስትና ስሜ፣ "የከለከለሽ የገዛ ፍርሃትሽ ነው። በእሷ ስም ጠራሽው እንጂ።"

ይህ ቃል እስከ ዛሬ ያመኛል። ቀኖና ስጡኝ አልሁ። ከነገ ወዲያ ቅዳሴ እንዳትቀሪ አሉኝና ሸኙኝ።

ከነገ ወዲያ ሰኔ ሃያ አንድ ነው። ሰኔ ሃያ ሕንጸታ ናት፣ ጌታ በሦስት ድንጋይ የእናቱን ቤት ያነጸበት፤ በማግሥቱ ቅዳሴ ቤቷ ነው። በዓመት ከሚከበሩት የማርያም በዓላት አንዱ ነው። ቅዳሴ ሲያበቃ መምሬ ካሳ ወጡ፣ መስቀላቸውን ይዘው ቆሙ። ነጭ የለበሰው ሰው ሁሉ ከበባቸው።

"ልጇ ድንጋይ አንሥቶ ቤት የሠራላት በዚህ በዓል ነው" አሉ። "እዚህ ከተማ ጣሪያ የሌላቸው ልጆች አሏት። ወደ ቤቱ የሚሄድ ሁሉ ተራራውን ዞሮ፣ የሚችለውን አንድ ድንጋይ ይዞ በልጆቹ ደጅ ይለፍ። የደከመ ጠጠር ይያዝ።"

ሌላ አላሉም። ራሳቸው ቀድመው ሄዱ፤ በዚያ ዕድሜያቸው በሁለት እጃቸው አንድ ድንጋይ ደረታቸው ላይ አቅፈው ወረዱ። ከዚያ ማን ይቀራል? ቄሱ፣ ዲያቆኑ፣ ገበሬው፣ ከገነተ ማርያም ለበዓል የመጣው እንግዳ ሳይቀር፣ ሴቱም ነጠላውን ተከናንቦ ወደ ተራራው ወጣ። ጋሽ ሰይድ ከጠዋት ጀምሮ መኪናዋን ከላይ አቁመው ይጠብቁ ነበር። መምሬ ካሳ ትናንት ልከውባቸው ኖሯል፤ ለእኔ የነገረኝ የለም። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰዋል። ለበዓሉ መሆኑ ገባኝ። ትልልቁን እሳቸው በግማሽ ጭነት እያወረዱ ተመላለሱ፤ ሰዉ ደግሞ በግራና በቀኝ ይወርዳል። የእሳቸውን ታኮ የያዙት ያን ቀን ዲያቆናት ነበሩ።

ጓድ ጌታቸው በረንዳው ላይ ቆሞ አየ። ትንሽ ቆይቶ ኮቱን አወለቀ። ሁለት ድንጋይ ተሸክሞ ሲመጣ አይቼዋለሁ። ለበላይ በጻፈው ላይ የሰፊው ሕዝብ የልማት ዘመቻ ብሎታል። ይበለው። ግንበኛው የድንጋዩን ክምር አየና፣ "መዶሻዬን አሁን ሳሉልኝ" ብሎ ወደ ጋሽ ሰይድ ጮኸ።

ድንጋዩ ከተገኘ ወዲያ ዝናብ ጋብ ባለ ቁጥር ግድግዳው ተነሣ። ሰኔ ሃያ ስምንት ጣሪያው ተመታ። ያን ቆርቆሮ ሞዴል ሃያ ሁለት ቆርጬ እያንዳንዱን በመዳፌ ዳስሼ ነው ያወጣሁት። ሰኔ ሠላሳ ከላይ የተላከው ሰው ከነመኪናው መጣ። ልጆቹን ሊጭን ነው የመጣው። ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል። ገባ፤ ቆመ፤ ወደ ላይ አየ። ካፖርቱ ብቻ ያንጠባጥባል። "ከየት አመጣችሁት?" አለ። ጓድ ጌታቸው ዘመቻውን ሊያስረዳው ጀመረ። ሰውየው ሻይ ጠጥቶ ባዶ መኪናውን ይዞ ተመለሰ።

ያን ዕለት ደብሪቱ የታንጉትን ቀሚስ ጫፍ እንደ ያዘች ተኛች። ደረቅ ነበር። ዛሬ ሁለቱም የልጆች እናት ናቸው፤ ለገና ሲመጡ ይጠይቁኛል።

አረንጓዴዋ መኪና መንግሥት እስኪለወጥ ድረስ ባዶዋን ወጥታ፣ ጭና ወረደች። ጋሽ ሰይድ ጡረታ ሲወጡ ነጩን አጎዛ ይዘው ሄዱ። ጥቁሩን ለእኔ ተዉልኝ። "ሌላ መኪና ስትገዢ ከሥር ግቢ" አሉኝ። ዐርፈዋል፤ ነፍሳቸውን ይማር።

ይህን እየጻፍሁ ሳለ ብርሃኑ መጥቶ አንዲት ፒክአፕ እዚሁ ከተማ ተገኘች አለኝ። ቀይ ናት። ነይና እያት ብሎ ለመነኝ። አጎዛውን ከሳጥን አወጣሁና ከቅዳሴ መልስ አብሬው ሄድሁ። ባለቤቱ ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው፣ እጄን ሳመኝ። ኮፈኗን በመዳፌ ነካሁት፤ ቀዝቃዛ ነው። ፔዳሎቿን አየሁ፤ ሁለቱም እኩል አልቀዋል። ጉልበቴ አልታዘዝ ስላለኝ ከሥር የገባው ብርሃኑ ነው፤ በጥቁሩ አጎዛ ላይ ተኝቶ፣ እኔ ከላይ እያዘዝሁት። ከዚያ ከመንገዱ ዳር ያለውን የድንጋይ ክምር ለባለ መኪናው ልጅ አሳየሁት።

"እማማ" አለኝ እየፈራ፣ "ዛሬ እኮ ማርያም ናት።"

"አውቃለሁ፤ ከእሷው ነው የመጣሁት" አልሁት። "ጫን።"